ማንም የማያይበት ቴሌስኮፕ

ቴሌስኮፕ ላይ ነው የምሠራው ስል ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። "እና ስታይበት ምን ይታያል?" መልሱ ያሳፍረኛል። ምንም አይታይም። ማንም አያይበትም። ዓይን የሚደረግበት ቦታ እንኳ የለውም።

መጨረሻ የጠየቀኝ ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ላይ ሱቅ ያለው ወዳጄ ነው። የሆሳዕና ልጅ ነው። ብርድ ልብስና ካልሲ ይሸጣል። ወደ ናሚቢያ ከመሄዴ በፊት ወፍራም ካልሲ ልገዛ ጎራ ብዬ ነው ነገሩ የተነሳው።

"ናሚቢያ በረሃ አይደለም እንዴ? ካልሲ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ።

ሰኔ እዚያ የብርድ ወቅት እንደሆነ ነገርኩት። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ እንደማድርም ነገርኩት።

"ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለህ ታድራለህ። ግን አታይበትም።"

"አላይበትም።"

ካልሲውን በነፃ ሰጠኝ። ሽሮም ጨመረልኝ። ያዘነልኝ ይመስለኛል። ያኔ ተጣድፌ ስለነበር በቅጡ አላስረዳሁትም፤ ስለዚህ እዚህ ልሞክር።

የማጠናው ጋማ ጨረር ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት "የፈረስ?" ብላኝ ነበር። ደብረ ታቦር ላደገ ሰው ጋማ የፈረስ ነው፤ ሌላ ጋማ የለም። የኔ ጋማ ብርሃን ነው፤ ግን በዓይን ከምናየው ብርሃን ወደ ትሪሊዮን ጊዜ የሚበልጥ ጉልበት አለው። እንዲህ ያለውን ብርሃን ፀሐይ በራሷ ጉልበት አታመነጨውም። የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ፣ ጥቁር ጉድጓድ፣ እንደ እንዝርት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ይፈልጋል።

ለምን እንለፋበታለን? ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ኦስትሪያዊ ነው። ቪክቶር ሄስ በ1912 (በፈረንጆቹ) በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ። መሣሪያውን ይዞ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጨረሩ እየበዛ ሄደ። ከመሬት ቢሆን ኖሮ መቀነስ ነበረበት። ስለዚህ ከላይ ነው የሚመጣው። ኮስሚክ ጨረር ማለት ይህ ነው፤ አብዛኛው ፕሮቶን ነው። ለዚህ ግኝት በ1936 ኖቤል ተሸለመ። ከየት እንደሚመጣ ግን ገና ሙሉ መልስ አላገኘንም። ምክንያቱም ፕሮቶን የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለው። በመንገዱ ላይ ማግኔት ባለበት ሁሉ ይታጠፋል። ልክ እንደ ወሬ ነው። ከሰፈር ሰፈር ሲዞር ቆይቶ እኛ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ማን እንዳወራው ጠፍቷል። ጋማ ግን ቻርጅ የለውም፤ አይታጠፍም። ከመጣበት ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። የዓይን ምስክር ነው በሉት።

ከዊንድሁክ ወደ ደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ቦታው። አብዛኛው መንገድ ጠጠር ነው። ኩዱ (አጋዘን) ድንገት ዘሎ እንዳይገባብን ሾፌራችን ከመሸ አልነዳም አለ፤ በቀን ሄድን። አናቱ እንደ ገበታ የተደለደለ ጋምስበርግ የሚባል ተራራ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ አንድ ኮረብታ ዞር ስትሉ በሣር ሜዳ መሃል ብረት ቆሟል።

አምስት ናቸው። አራቱ ወንድማማች ናቸው፤ በጎኑ 120 ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ጫፍ ጫፍ ላይ ቆመዋል። የእያንዳንዱ መስታወት አንድ ወጥ አይደለም፤ ወደ 380 ከሚሆኑ ክብ ክብ መስታወቶች የተገጣጠመ ነው። አምስተኛው መሃል ላይ ነው። እሱን መጀመሪያ ስታዩት የሚመጣላችሁ ነገር ሳይንስ አይደለም። ስፋቱ 28 ሜትር ነው፤ መስታወቱ ብቻ 614 ካሬ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ደላላው በቀን አሥር ጊዜ ይደውልበት ነበር። ጣሪያ የላቸውም። ዝናቡም አቧራውም በላያቸው ነው የሚሄደው።

ስማቸው ሄስ ነው፤ በዚያው በባሉኑ ሰውዬ። ለእኛ ጆሮ "ሂስ" ይመስላል፤ ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም። ቀልዱ ግን እውነት አለው። ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ቦታው "ከፍተኛ ቦታ" ተብሎ ነው የሚነገርለት። 1,800 ሜትር ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ ነው። አዲስ አበባም ይበልጠዋል። አውሮፓውያኑ የመጀመሪያውን ቀን ደረጃ ሲወጡ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ፤ እኔ ቆላ የወረድኩ ነው የመሰለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጋማ ጨረር መሬት አይደርስም። አየሩ ያስቀረዋል፤ ባያስቀረው እኛም አንኖርም ነበር። ታዲያ መሬት ላይ ቆሞ እንዴት ይያዛል? መልሱ የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው፤ አየሩ ራሱ የቴሌስኮፑ አካል ነው።

አንድ ጋማ ከላይ ገብቶ የአየር አቶም ጋ ሲላተም ለሁለት ይከፈላል፤ ኤሌክትሮንና ተቃራኒ ቻርጅ ያለው መንትያው ፖዚትሮን። እነሱ ደግሞ ሌላ ጋማ ይወልዳሉ። እነዚያም ይከፈላሉ። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርስ የአንዱ ልጆች ብዙ ሺህ ሆነዋል። ሳይንቲስቶቹ "ሻወር" ይሉታል። እኔ ዶፍ ብለው ይሻለኛል። ሻወርማ ቧንቧ ሲከፈት ነው።

እነዚህ ቅንጣቶች በጣም ይፈጥናሉ። አየር ውስጥ ብርሃን ራሱ በጥቂቱ ይዘገያል፤ ከአሥር ሺህ ሦስት እጅ ያህል ብቻ። ያቺ ትንሽ መዘግየት በቂ ናት፤ ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ይቀድሙታል። ጣና ላይ ሞተር ጀልባ ከማዕበሉ ሲፈጥን ከኋላው ሹል ሆኖ የሚከፈተውን ውኃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው፤ ግን በብርሃን። ሰማያዊ ብልጭታ ነው። የቼረንኮቭ ብርሃን ይባላል። መሬት ሲደርስ ከመሃሉ ወደ 120 ሜትር ዙሪያውን ያርፋል። የሚቆየው የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ጥቂቱን ነው። ዓይን አያየውም። ቴሌስኮፖቹ የሚይዙት እሱን ነው። ጋማውን አይደለም፤ ጋማው ሲሞት አየሩ ያሰማውን ጩኸት ነው።

ይህን መጀመሪያ የያዙት ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው፤ ጌልብሬይዝና ጄሊ፤ በ1952። መሣሪያቸው የቆሻሻ በርሜል ነበር። በእውነት። በርሜሉ ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትር መስታወት አስቀመጡ፤ አንድ ብርሃን ቆጣሪ ቱቦ ጨመሩበት። ሌሊት ሜዳ ላይ አወጡት። በየጥቂት ደቂቃው ብልጭታ ተቆጠረ። እኔ ይህን ታሪክ ከማንኛውም ኖቤል ይልቅ እወደዋለሁ። አገር ቤት ሳስተምር የላብራቶሪ ዕቃ የለም ብለን ስንት ነገር ትተናል። ያኔ በርሜል ሞልቶን ነበር።

ከበርሜሉ በኋላ ግን ዋናው ጣጣ መጣ። ብልጭታ የሚያደርገው ጋማ ብቻ አይደለም። ያ ወሬኛው ፕሮቶንም ዶፍ ያወርዳል። እንዲያውም እሱ ነው የሚበዛው። ለአንድ ጋማ ሺህና ከዚያ በላይ ፕሮቶን አለ። የጋማው ምስል ካሜራው ላይ ቀጭንና ሥርዓት ያለው እንቁላል ይመስላል። የፕሮቶኑ የተበታተነ ነው፤ እንደ ፈሰሰ ሽሮ። ይህን መለየት እስኪቻል ሠላሳ ምናምን ዓመት ፈጀ። በ1989 አሜሪካ፣ አሪዞና የነበረው 10 ሜትር መስታወት ክራብ ኔቡላን ያዘ። ቻይናዎች በ1054 ሲፈነዳ ያዩት ኮከብ ፍርስራሽ ነው። ያኔ በአሥሮች የሚቆጠር ሰዓት የወሰደውን የኛዎቹ አሁን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል።

ስለዚህ ሂስ ያልኩት ለዚህ ነው። በየሴኮንዱ መቶዎች ብልጭታ ይገባል። ብሩህ ከሚባል ምንጭ እንኳ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው በደቂቃ ጥቂት ነው። ሥራችን መያዝ አይደለም፤ መጣል ነው።

ሌሊቱ እንዲህ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ሲጨልም ካሜራዎቹን እንከፍታለን። ሦስት ነበርን። አንዷ ከፖላንድ የመጣች ናት፤ ከእኔ በፊት ብዙ ጊዜ ስለመጣች አለቃችን እሷ ነበረች። መቆጣጠሪያ ክፍሉ መስኮቱ ጥቁር ነው፤ ውጭ መብራት እንዳይወጣ። ከፊት ለፊታችን ስክሪን ብቻ ነው። ቴሌስኮፑን በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ወደተባለው ቦታ ማዞር፣ ደመና መኖሩን ማየት፣ የሆነ ነገር ቀይ ከሆነ ማረም። በቃ። ጨረቃ ስትኖር ሥራ ይበላሻል፤ ስለዚህ ተራው የሚወጣው በጨረቃ ነው። ሰው ለፍቅር የሚፈልጋትን ጨረቃ እኛ "ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣብን?" ብለን ነው የምንጠብቃት።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ፍኖተ ሐሊብ የምንለው የኛ ጋላክሲ መሃል ከአናታችን በላይ ይመጣል። አውሮፓ ሆናችሁ ይህን አታገኙትም፤ እዚያ አድማስ ላይ ተጣብቆ ነው የሚውለው። ናሚቢያ የተመረጠችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያ መሃል 26,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል። የምንጠብቀው ጨረር ሲነሳ ጤፍ የዘራ ገበሬ ገና የለም። እዚያ ያለው ነገር ፕሮቶኖችን እስከ ኳድሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) እንደሚያስፈነጥር የሚጠቁም መረጃ ሄስ በ2016 አውጥቷል። ያን ሌሊት ወደዚያ አዙረን ሻይ አፈላን።

እኔ በአብዛኛው የማፈጠው ሌላ ነገር ላይ ነበር። አልፎ አልፎ ስክሪኑ ላይ ክብ ቀለበት ይወጣል። ሙሉ ቀለበት፤ በኮምፓስ የተሠራ ይመስል። ጋማም አይደለም፤ የፕሮቶን ዶፍም አይደለም። ሙዮን ነው። ሙዮን የኤሌክትሮን ወፍራም ወንድም ነው፤ ከፕሮቶን ዶፍ ውስጥ ይወለዳል። አንድ ሙዮን መስታወቱን መትቶ ሲያልፍ የሚተወው ብርሃን ካሜራው ላይ ቀለበት ይሆናል።

ለሌላው ሰው ቆሻሻ ነው። ለእኔ እንጀራዬ ነው። ቀለበቱ ምን ያህል መድመቅ እንዳለበት በሒሳብ ይታወቃል። ደብዝዞ ከመጣ መስታወቱ አርጅቷል ወይም አቧራ ለብሷል ማለት ነው። ጣሪያ የለውም ብያችኋለሁ። ስለዚህ ቀለበት እየቆጠርኩ መስታወት ስንት እጁን እንዳጣ አሰላለሁ። ፒኤችዲዬ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለ አቧራ ነው። ቤተሰቦቼ ጋ ይህ እንዳይደርስ።

በአምስተኛው ሌሊት ጥፋት ሠራሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። እንቅልፍ ሲታገለኝ ንፋስ ልቀበል ወጣሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰዓት ልይ ብዬ ሳወጣው ጣቴ ሸርተት ብሎ ባትሪው በራ። ያ ሁሉ ጨለማ በአንዴ ነጭ ሆነ። ፊት ለፊቴ ሣር፣ ድንጋይ፣ የራሴ ጫማ። ሬዲዮኑ ጮኸ። "መብራት!" ብቻ ነው ያለችው አለቃችን። ለማጥፋት ስጣደፍ ስልኩ ወደቀ፤ ወደ ላይ እያበራ። ሸሚዜን አውልቄ ነው የተወረወርኩበት።

ክፍሉ ስገባ ግራፉን እያየች ነበር። ምንም አልታየም። አምላክ ይመስገን ርቄ ነበር። አልተቆጣችኝም። "የፖላንድ ሰው መኪና መብራት አብርቶ ነበር" አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ያን ፖላንዳዊ አንስታ አታውቅም። ራሷ እንደሆነች እጠረጥራለሁ።

በዚያው ሌሊት፣ ገና ልቤ ሳይረጋ፣ ማንቂያ ገባ። ሰማይ ላይ ያለ ሳተላይት የጋማ ፍንዳታ ሲያይ ለዓለም ሁሉ መልእክት ይልካል። ትልቁ ቴሌስኮፕ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ዞረ። 600 ቶን ገደማ ብረት በጨለማ ሲዞር ድምፁ እግር ሥር ነው የሚሰማው። ሁላችንም ቆመን ነበር። ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ምንም።

አብዛኛው ማንቂያ እንዲህ ነው። ሄስ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያሳድድ ቆይቶ ነው የተሳካለት። በነሐሴ 2019 የያዘውን አንዱን ፍንዳታ ሦስት ሌሊት ተከታትሎታል። የዚያን ዕለት ተረኛ የነበሩትን ሰዎች እቀናባቸዋለሁ፤ ባይነገራቸው ይሻላል።

እዚህ ላይ "ታዲያ ለምን ከዚህ ከፍ ያለ ተራራ ላይ አትወጡም?" የሚል ይኖራል። የወጡ አሉ። ግን ዘዴያቸው ሌላ ነው። እኛ የዶፉን ብርሃን ነው የምንይዘው፤ ብርሃን ደግሞ ወደ ታች ይደርሳል። እነሱ ዶፉን ራሱን ይይዛሉ። ዶፉ መንገድ ላይ ስለሚሞት ወደሱ መውጣት አለባቸው።

ሜክሲኮ ውስጥ ሀውክ የሚባል አለ። 4,100 ሜትር ላይ ነው። 300 የውኃ ታንከር ተደርድሯል። አንዱ ወደ 200,000 ሊትር ይይዛል። ጣሪያ ላይ የምናውቀውን ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ብትወስዱ መቶ ሮቶ ማለት ነው፤ ለአንዱ። ቅንጣቱ ውኃው ውስጥ ሲገባ ያንኑ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ ታንከሩ ሥር ያለው ቱቦ ይቆጥረዋል። ክዳኑ የተዘጋ ስለሆነ ፀሐይ ወጣች፣ ጨረቃ ወጣች፣ ደመነ፣ ግድ የለውም። ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። እኛ በዓመት ብንለፋ ብንለፋ አንድ ሺህ ሰዓት ገደማ ነው። በምትኩ የኛ ምስል ይጠራል። እንዲህ እያልን ነው የምንጽናናው።

ቻይና ደግሞ ሲችዋን ውስጥ 4,410 ሜትር ላይ ላሃሶ የሚባለውን ሠራች። ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት በመቁጠሪያ ተሸፍኗል። ከመሬት በታች ደግሞ 1,188 ታንከር ቀብረዋል። ለምን? ሙዮን ለመቁጠር። የጋማ ዶፍ ሙዮን የለውም ማለት ይቻላል፤ የፕሮቶን ግን ብዙ አለው። ሙዮን ከበዛ ይጣላል። የኔ ቆሻሻ እዚያ ዳኛ ነው! በ2021 አሥራ ሁለት ምንጮችን አሳወቁ፤ አንዱ ብርሃን 1.4 ኳድሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነበረው። በጥቅምት 9 ቀን 2022 ደግሞ እስካሁን ከታዩት ሁሉ የደመቀው ፍንዳታ ከአናታቸው በላይ ሆነ፤ በ3,000 ሴኮንድ ውስጥ ከ60,000 በላይ ጋማ ቆጠሩ። ስድሳ ሺህ! እኛ ሁለት ሰዓት ቆመን ዜሮ።

ይህን ሳነብ ጉና ትዝ ይለኛል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የሜክሲኮው ያህል። ልጅ ሆኜ አጎቴ ይዞኝ ወጥቶ ራሴን አሞኝ ተመልሻለሁ። ያን ያመመኝ የአየር ማነስ ነበር፤ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር አርባ በመቶ የሚሆነው አየር ከእግሬ በታች ቀርቷል። ለዶፉ ግን እሱ ነው ጥሩው።

አንድ ጓደኛዬ "ባሌ፣ ሳነቴ ላይ ለምን አይሠራም? ሜዳ ነው፤ 4,000 ሜትር ነው" ይለኛል። ሐሳቡ ፊዚክሱን አይቃወምም። እኔ ግን እቃወማለሁ። ሳነቴ የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። ያ ሁሉ ታንከር ሲመጣ መንገዱ፣ የጭነት መኪናው፣ ካምፑ አብሮ ይመጣል። ለዚያ ዋጋ ጋማው ይቅርብኝ። ለነገሩ ለሚቀጥለው ትልቁ የታንከር ጣቢያ ቦታው በ2024 ተመርጧል፤ ቺሊ፣ አታካማ፣ 4,770 ሜትር። ከራስ ዳሸን ይበልጣል።

ጨረቃዋ እየጎላች ስትመጣ ተራችን አለቀ። ጆሃንስበርግ ስደርስ ወዳጄ ጋ ሄድኩ። ካልሲው እንደጠቀመኝ ነገርኩት። ይህን ሁሉ ከላይ የጻፍኩትን ለማስረዳት ሞከርኩ። ሁለት ደንበኛ መጣበት፤ አቋረጠኝ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ አንዱን ቀለበት አሳየሁት። በጨለማ ውስጥ አንድ ሙሉ ክብ።

አጉልቶ አየው። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ያለውን የሻይ ብርጭቆ አነሳ። ሥሩ እንጨቱ ላይ እርጥብ ክብ ትቶ ነበር።

"ይኼን አይደል እንዴ ያመጣኸው?" አለኝ።

ይኼን ነው አልኩት።